ለማይበላ ፈረስ ጥሩር

ኧረ በሕግ አምላክ! ጨዋታ ሂሳብ የሚወራረድበት ሥራ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ወገብ የሚይዛችሁ፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰቅላችሁ መነጽር የምትፈልጉ፣ ስልካችሁ ሲጮኽ የጎረቤት የሚመስላችሁ ወገኖቼ፣ ብሶቴ ለእናንተ ነውና ጠጋ በሉ። ጎረምሳ አያንብበው። ቢጀምረውም አይጨርሰውም፤ የዛሬ ልጅ በጣት ሲገፉት ወደ ላይ የማይሸሽ ጽሑፍ አያነብም።

የልጅ ልጄ በስልኩ የሚጫወተው የኳስ ጌም አለ። «በነፃ ነው አባባ» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ መግቢያው በነፃ ነው። ከገቡ በኋላ ግን ተጫዋቹ በገንዘብ፣ ጫማው በገንዘብ፣ ማልያው በገንዘብ፣ ጎል ካገባ በኋላ የሚጨፍራት ጭፈራ እንኳ በገንዘብ! እስቲ አስቡት፣ ጎል አግብቶ ለመደሰት የሚከፍል ሰው። በእኛ ጊዜ ጎል ያገባ ልጅ ማልያውን አውልቆ እያውለበለበ እስከ ገበያው ድረስ ይሮጥ ነበር፤ ማልያ ካለው። አንድ ቀን «አባባ፣ ኮይን አለቀብኝ» አለኝ። ኮይን ሳንቲም መሆኑን አውቃለሁ (እንግሊዝኛ የተማርኩት ድሮ ነው፣ ድሮ እንግሊዝኛውም ጥሩ ነበር)፤ ዳቦ ሊገዛ መስሎኝ ሰጠሁት። ገንዘቡ በቴሌብር ወደ አንድ ጎረምሳ ሄደ። ጎረምሳው በቴሌግራም ላገኘው ሌላ ጎረምሳ አስተላለፈ። ያኛው ደግሞ ውጭ አገር ካርድ ያለው ዘመድ አለው። የእኛ ብር እዚያ ድረስ ብቻውን ስለማይሄድ እያንዳንዱ አጃቢ ድርሻውን ቆነጠረ። በመጨረሻ ለልጁ የደረሰችው አንዲት የተጫዋች ሥዕል ናት። ያቺንም መርጦ አልገዛትም፤ እጣ ነው። የወጣለትን ሰውዬ አላውቀውም፣ እሱም አያውቀውም።

ዋጋው ደግሞ! ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይተመን ተብሎ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ፣ ዘይት መወደዱ ገባኝ። መድኃኒት መወደዱም ገባኝ። ያልገባኝ ስልክ ውስጥ ያለ፣ ማንም ሰው እግሩን ያላስገባበት ጫማ መወደዱ ነው። ማን ጫነው? የጅቡቲ መንገድ ተዘጋበት? ናፍጣ ይጠጣል?

አይ ጊዜ! የሽቦ መኪና የነዳችሁ አላችሁ? ሽቦው ከአጥር ነው። የሰው አጥር ነው፣ አልዋሽም፤ ግን ያኔ ሰው ለሰው ያስብ ስለነበር አጥሩ ሲሳሳ ባለቤቱ ዝም ይል ነበር። ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ይቆረጣል፣ መሪው ደረት የሚደርስ ረጅም ሽቦ ነው። ላንድሮቨር ያማረው ጣራውን ያጎብጣል፣ ኤንትሬ ያማረው ከኋላ ተሳቢ ይቀጥላል። የኑራ ኤራ እርሻን ብርቱካን ጭኖ ሲያልፍ ያየነውን መኪና ከሰዓት በኋላ እኛ ግቢ ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ በልጣጭ ተጭኖ። ለተሳቢው ማን ተጨማሪ ጠየቀን? «ሁለተኛው ተሳቢ በሚቀጥለው ወር ይለቀቃል» ያለን ማን ነው?

ገበጣም እንዲሁ ነበር። መሬቱን ትቆፍራለህ፣ ጠጠር ትለቅማለህ፣ አለቀ። ሕጉን እያንዳንዱ ሰፈር እንደወደደ ያበጀዋል። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያንና የአካባቢዋን የገበጣ ዓይነቶች ለቅመው ሲያሳትሙ ከመቶ በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ከመቶ በላይ! ልጆቹ ሞድ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የሌላውን ጨዋታ ወስዶ በራስ እጅ ማሻሻል። እኛ ሞድ እየሠራን መሆኑን ሳናውቅ ስንት ዘመን ሠራን። አሁን ቅኔ ጌምስ የሚባሉ የአዲስ አበባ ልጆች ገበጣን ስልክ ውስጥ አስገብተውታል። ጎበዞች ናቸው፤ ዶሮ ከገበሬ የምታመልጥበትን ኩኩሉንም የሠሩት እነሱ ናቸው። ቅሬታዬ አንድ ብቻ ነው፣ ስልክ ጠጠር ሲቆጥር አይሳሳትም። ባላጋራህ ሊያስነጥስ ዞር ሲል አንዲት ጠጠር ወደ ራስህ የማታንሸራትትበት ገበጣ ምኑ ገበጣ ነው?

እኔ ራሴ በዚህችው በአርሲ በአቦምሳ ጆተኒ ቤት ነበረኝ። ስሙኒ ትከታለህ፣ ኳሶቹ ግር ብለው ይወርዳሉ፣ ከዚያ በኋላ ጨዋታው የአንተ ነው፤ ማንም መጥቶ «በረኛህን ማንቀሳቀስ ከፈለግህ ጨምር» አይልህም። ተጫዋች ከተሰበረ ከእንጨት ቀርጸን እንተካለን። ኳስ ከጠፋ እምቧይ እንጥላለን፣ እምቧዩ ከፈረጠ ሌላ እምቧይ። አንዱን ወገን ጊዮርጊስ፣ አንዱን መቻል አድርገን ማልያ የቀባናቸው እኛው ነን። እርግጥ ለብረቱ ቅባት አምስት ሳንቲም አስከፍል ነበር፣ ያ ጥገና ነው። ለማልያው አሥር ሳንቲም፤ ቀለም ከሰማይ አይወርድም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሞ ለሚያይ ደግሞ ትንሽ ነገር አስቀምጥ ነበር፣ ጥላው የእኔ ስለሆነ። እምቧዩም ቢሆን የሚለቀመው ከእኔ አጥር ሥር ነው፤ ስለዚህ ለእሱም የሆነች ነገር ነበረች። ይህ ሁሉ ግን አገልግሎት ነው። ጨዋታን እንደ ቅርጫ ሥጋ መድቦ መሸጥ ሌላ ጉድ ነው።

ከዚያ ፕሌይስቴሽን መጣና ጆተኒዬን ገደለው። ያኔ ዓለም አበቃላት ብዬ ለሁሉም ተናግሬ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ደጉ ዘመን ነበር። ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ዕቃ ነው፤ እኛ ዘንድ እስኪደርስ እድሜ ጠገበ፣ እሱም ጥሩ ነበር፣ ዕቃ ሲሰነብት አደብ ይገዛል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረህ ፔስ የሚባለውን የኳስ ጌም ትጫወታለህ፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ መብራት ሲጠፋ ማን ይመራ እንደነበር ስትጨቃጨቅ ትመሻለህ። የፔስ ባለቤት ኮናሚ ለብዙ ክለብ ፈቃድ ስላልነበረው አርሰናልን «ሰሜን ለንደን»፣ ሊቨርፑልን «መርሲሳይድ ቀይ» እያለ የሚያወጣበት ጊዜ ነበር፤ ማልያውም ምኑም አይመስልም። አንድ ጎረምሳ የሰፈራችን ልጅ ይህን አይቶ አላስቻለውም። ጌሙ ውስጥ ስም፣ ጸጉር፣ ጫማ፣ ማልያ የሚስተካከልበት ክፍል አለ። ልጁ ጠዋት ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት እየገባ ክለቦቹን አንድ በአንድ ስማቸውን መለሰላቸው። አላበቃም፤ ጊዮርጊስን የቪ ምልክት ያለበትን ማልያ አልብሶ ከሪያል ማድሪድ ጋር አጋጠመ። አላበቃም፤ ማንም የማይመርጠውን አንድ ቡድን ስሙን አጥፍቶ «አቦምሳ» አለው! በፈረንጅ ፊደል ነው የጻፈው፣ ጌሙ የእኛን ፊደል አያውቅም፤ ስለዚህ ነገር ለሚመለከተው አካል አቤት ልል እያሰብኩ እስካሁን አለሁ።

ይህ ሁሉ ጥበብ 8 ሜጋባይት በምትይዝ፣ ከክብሪት ቀፎ በማትበልጥ ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ነበር። ልጁ ካርዷን በኪሱ ይዞ ከአንዱ ፕሌይስቴሽን ቤት ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ይሰካል፣ ይገለብጣል፣ ሻይ በዳቦ ጠጥቶ ይወጣል። ሰው ሁሉ አቦምሳን ይዞ ባርሴሎናን ሲገጥም ማየት ነበር። ዋጋው ሻይ በዳቦ ብቻ።

እንዲህ ያለው ሥራ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዱም የሚባለው የተኩስ ጌም እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ ሠሪዎቹ ካርታውንና ሥዕሉን ከዋናው ፕሮግራም ለይተው በሌላ ፋይል አስቀመጡት፤ የፈለገ ሰው የራሱን እንዲቀይስ። የዓለም ጎረምሳ ሁሉ ቀየሰ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ሚን ሌ የሚባል ካናዳ የሚማር ልጅ ከጄስ ክሊፍ ጋር ሆኖ ሃፍ ላይፍ የሚባለውን ጌም ገለባብጦ ካውንተር ስትራይክን ሠራና በነፃ በተነው። የሃፍ ላይፍ ባለቤት ቫልቭ ፖሊስ አልጠራም፤ በማግሥቱ ዓመት ሥራውን ገዝቶ ልጆቹን ቀጠራቸው። ሙያ አይቶ መቅጠር ድሮ ነበረ። (ይህን ሁሉ የነገረኝ ያው የሰፈራችን ልጅ ነው፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልከታተልም። ዓመተ ምሕረቱን ግን የያዝኩት እኔ ነኝ።)

ታዲያ ይህ ደግ ነገር በምን ተበላሸ ብትሉኝ፣ በፈረስ ተበላሸ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ቤቴስዳ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ኦብሊቪዮን የሚባል ጨዋታ አወጣ። ሰውዬው በፈረስ ይዞራል፣ ሰይፍ ይመዛል፣ ጥሩ ነው፣ እንኳን ፈረስ ኖረው። ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው «ለፈረሳችሁ ጥሩር አለ፣ ዋጋው 2 ዶላር ከ50 ነው» አለ። እንግዲህ እኔ የአርሲ አገር ሰው ነኝ፣ ስለ ፈረስ አታስተምሩኝ። ለሰርግ ፈረስ ሲሸለም አይቻለሁ፤ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ እርካቡ፣ የሚያንጸባርቀው ግላስ። ያ ፈረስ ግን ገብስ ይበላል፣ ያነክሳል፣ ሰው ይጥላል፣ አማች ያስደነግጣል። ገንዘብ ብታወጣበት መልሶ ያይሃል። የነሱ ፈረስ አይበላ፣ አያስነጥስ፣ ፋንድያ አይጥል፤ ጥሩሩን አውልቀህ ለጎረቤት አታውሰው፣ ቢያረጅብህ አትሸጠው። ያኔ ዶላር ገና 9 ብር አልሞላም፤ ቢሆንም 22 ብር ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ በ22 ብር እውነተኛ ዶሮ ይገዛ ነበር፤ ብትፈልግ እሷንም ፈረስ ላይ ታወጣታለህ። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን ይኸው ኩባንያ የጨዋታውን መሥሪያ መሣሪያ ለሕዝብ በነፃ የሰጠ መሆኑ ነው። የፈረስ ልብስ ብቻ ሳይሆን ቤተ መንግሥት የሚሠራ ሰው በነፃ ሞልቶ ሳለ ጥሩር በገንዘብ! ሰው ሳቀ። እየሳቀ ገዛ። ከዚያ ወዲህ ማን ይቁም?

በ2015 ደግሞ፣ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 23 ቀን መሆኑ ነው፣ ቫልቭና ቤቴስዳ ተማከሩና ስካይሪም በሚባለው ጨዋታ ላይ ሞድ የሚሠሩ ልጆች ስቲም በሚባለው መደብር ሞዳቸውን እንዲሸጡ ፈቀድን አሉ። ደግ ነው ትላላችሁ። ክፍፍሉን ስሙ፤ ከመቶ 25ቱ ለሠሪው፣ የቀረው 75 ለባለ መደብሩና ለባለ ጨዋታው። እናንተ የጭሰኛን ዘመን የምታስታውሱ ፍረዱኝ! የእኩል አራሽ ግማሹን ለባለ መሬት ሰጥቶ ግማሹን ይዞ ይገባ ነበር። የሲሶ አራሽ የሚሰጠው ሲሶውን ነው። ይህ ግፍ ነው ተብሎ ነው ተማሪው በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ ሰልፍ የወጣው፣ ይህ ግፍ ነው ተብሎ ነው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ የታወጀው። እነዚህ ከአራት እጅ ሦስቱን ወሰዱ፣ ያውም በሬውም ዘሩም የልጁ ሆኖ። ታዲያ ተጫዋቹ ጮኸ፣ ፈረመ፣ ተሳደበ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ነገሩ ተሰረዘ፣ የተከፈለውም ገንዘብ ተመለሰ። አራት ቀን! እኛ ከሰልፉ እስከ አዋጁ አሥር ዓመት ጠበቅን። የዛሬ ሰው ለማይጨበጥ ሰይፍ ሲሆን እንዴት ይፈጥናል?

ሠሪ መከፈል እንዳለበት ግን እኔም አምናለሁ። ሰው ለፍቶ ባዶ እጁን መግባት የለበትም፣ በዚህ አልደራደርም። የሰፈራችን ልጅ ግን የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ለእሱ ምርቃት ይበቃዋል።

እጣው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 በየጌሙ ውስጥ የሚሸጠውን የእጣ ሳጥን መርምራ «ይህማ ቁማር ነው» አለች፤ ፊፋ የሚባለው የኳስ ጌም ባለቤት ኢኤም በማግሥቱ ዓመት ጥር በዚያ አገር የፊፋ ነጥብ መሸጡን አቆመ። ቤልጂየሞችን አላውቃቸውም፣ ግን ነፍሳቸውን ይማር የሚያሰኝ ፍርድ ነው፤ በሕይወት ላሉትም ዕድሜ ይስጣቸው። ቁማርን እኔ ነኝ የማውቅ። ቶምቦላ ሳልቆርጥ ያለፈኝ ዓመት የለም። ሎተሪ ግን ሰው ያከብራል፤ ገንዘቡን ይሰጣል፣ ለሌላ ሰውም ቢሆን ይሰጣል። ለልጅ ልጄ የወጣችው ሥዕል ለማንም አትሰጥም፣ ዓመት ሲለወጥና አዲሱ ሲመጣ ደግሞ አሮጌ ትባላለች። አሮጌ! እኔ የምለብሰው ካፖርት ከአባቷ ይበልጣል።

ያ የምወደው ፔስም አልቀረለት። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2021 የጥንት ስሙን ጥሎ ኢፉትቦል አለው፤ ጌሙ በነፃ፣ ውስጡ በኮይን። ሲወጣ ደግሞ ያን ልጁ ማልያ የሚሰፋበትን የማስተካከያ ክፍል ይዞ አልወጣም። ይታያችሁ፣ መርፌና ክሩን ቀምተው ልብሱን ሊሸጡልን! ደግሞ የዛሬ ልጅ ሁሉን በነፃ ይፈልጋል፣ ይህም ይገርመኛል። ዘፈን በነፃ፣ ፊልም በነፃ፣ ኢንተርኔት ከጎረቤት። ሰው ለሚጠቀምበት ነገር መክፈል አለበት። እና ደግሞ ሁሉም ነገር ተወደደ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልሂድ፣ የቡና ሰዓት ደርሷል። የሰፈራችን ልጅ በዚያ በአቦምሳ ቡድን ውስጥ እኔንም አስገብቶኝ ነበር። አልለመንኩትም፤ እንዳይረሳኝ ነው ያሳሰብኩት። 10 ቁጥር፣ ዕድሜ 22፣ ጎፈሬ ጸጉር፣ ቁመት 1 ሜትር ከ88። ቁመት ከዕድሜ ጋር እንደሚወርድ ሐኪም ጠይቁ። የመምታት ኃይሌን 99 አድርግልኝ ብለው «ጋሼ፣ ሁሉን 99 ካደረግኩት ጨዋታው ይበላሻል» ብሎ 91 ሰጠኝ። እሺ። ፍጥነቴን ግን 70 አደረገው። ሰባ! እኔን በሩጫ የሚያውቁኝ ሰዎች በሕይወት ቢኖሩ ይመሰክሩ ነበር። እኔ እንኳ ጌም አልጫወትም፤ ማታ ማታ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ተጫዋቼ እንዴት እንደዋለ ለማየት ገባ እላለሁ እንጂ። ከግራ ክንፍ ወደ ውስጥ ሲቆርጥ በቀኝ እግሩ ይመታል፤ ካሬን ቶሎ መልቀቅ ነው፣ ከቆየህበት ወደ ሰማይ ይሄዳል።

ይኸው ፕሌይስቴሽን ቤቱ ወደ 4ኛው ተሻሻልኩ ብሎ አሮጌውን ከነካርዱ የት እንዳደረሰው ጠፋ። አቦምሳ የለም፣ እኔም የለሁም። ስለዚህ ወደ አዳማ፣ ወደኛዋ ናዝሬት፣ የሚወርድ ሰው ካለ የፕሌይስቴሽን 2 ሚሞሪ ካርድ፣ ባለ 8 ሜጋባይቷን፣ ኦሪጅናሏን ያምጣልኝ፤ ሂሳቡን ስንገናኝ እንተሳሰባለን። ማሽኑን እኔ ከአንድ ሰው ጣራ ሥር አግኝቻለሁ። ልጁ አሁን ባጃጅ ነጂ ነው፣ ጊዜ የለውም፤ ቢሆንም ሁሉንም እንደገና ልሥራልህ ብሎኛል። ስሜንና ቁመቴን ያለ ዋጋ ያስገባል፣ እሱ ጨዋነት ነው። ፍጥነቱን ወደ 85 ለማድረስ ግን 50 ብር፣ ጫማዬን ለመቀየር ደግሞ 20 ብር አለኝ። ተገቢ ነው፣ ልጁ ይለፋል። ቀብዱን ትናንት ሰጥቼዋለሁ፤ ቀይ ጫማ ነው ያልኩት።